ልክና ቀጠሮ ያለው ልግስና

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ይወርዳል)

በገረሴና በዙሪያዋ፣ በቦንኬ፣ በአርባ ምንጭ ያላችሁ፣ ደግሞም ከጋሞ ደጋ ወጥታችሁ ሽሮ ሜዳ ሸማ ላይ ተቀምጣችሁ የምትከታተሉን ወገኖቻችን፣ ይህ ለእናንተ ነው። እንሰት እየፋቃችሁ ያላችሁ እናቶች ሥራችሁን አታቋርጡ፤ ጆሯችሁን ብቻ አውሱን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልግስናና ስለ ምስጋና ነው። ርዕሱን ስትሰሙ «ይሄንማ በየሳምንቱ እንሰማለን» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። ስጡ የማይል ሰባኪ የለም፤ አመስግኑ የማይል ሽማግሌም የለም። ስንት ይሰጥ፣ መቼ ይሰጥ፣ በማን እጅ ይለፍ የሚለው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተድበስብሶ ያልፋል። እኔ ዛሬ የምቆየው እዚያ ላይ ነው።

ከሩቅ አገር ልጀምር። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሚዞራም የሚባል ተራራማ ክልል አለ። ሕዝቡ በአብዛኛው ክርስቲያን ነው፤ ምግቡ ሩዝ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1910 የዚያ አገር ሴቶች አንድ ልማድ ጀመሩ። ሊያበስሉ ሩዝ ሲሰፍሩ፣ ድስት ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት አንድ እፍኝ ያነሱና ለብቻው በተቀመጠ ዕቃ ያኖሩታል። ጊዜው ሲደርስ ከቤተ ክርስቲያን የተመደቡ ሴቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰበስቡታል። ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለአገልግሎት ይውላል። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ ዛሬም አልቆመም።

እዚህ ላይ የሚገርመኝ ነገር አለ። ልማዱን የጀመሩት ባለጠጎች አይደሉም፤ ጥሬ ገንዘብ እንደልብ እጃቸው የማይገባ እናቶች ናቸው። ባል ገንዘቡን ቢይዝ፣ የድስቱ ባለቤት ግን እሷ ናት። ከምታዝዝበት ነገር ላይ ሰጠች። የሚሰጡትም ሲተርፋቸው አይደለም፤ ምግቡ ገና ሳይበስል፣ ቤተሰቡ ይብቃው አይብቃው ሳይታወቅ፣ እፍኙ አስቀድሞ ይነሣል። ነቢዩ ኤልያስን ያስተናገደችው የሰራፕታዋ መበለትስ ያደረገችው ይህንኑ አይደለም?

የእኛ ደጋ ሩዝ የለውም። ገብስ አለው፣ ስንዴ አለው፣ ባቄላና ድንች አለው፣ ቆጮ አለው። አሥር ጎረቤታሞች ተስማምተው በቀን አንዳንድ እፍኝ ዱቄት ቢያስቀምጡ፣ በወሩ መጨረሻ ሦስት መቶ እፍኝ ይሆናል። ይህ ጧሪ የሌላቸውን አንድ እናት ወሩን ሙሉ ያበላል። ከአሥሩ ቤት ግን አንዱም «ጎደለብኝ» አይልም። ስብሰባ አያስፈልገው፣ ማኅተም አያስፈልገው።

እንግዲህ ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ በአገራችን ያሉት እምነቶች ሁሉ ይህን ነገር ቀድመው አውቀውታል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጽዋ ማኅበር ወር በገባ በቅዱሱ ቀን ነው፤ ሰንበቴው በእሑድ ነው፤ ተረኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቃል። አሥራት ከአሥር አንድ ነው፤ ወንጌላውያን ወንድሞችና እኅቶችም በዚህ ይስማማሉ። ሙስሊሞች ዘንድ ዘካ አለ፤ መጠኑ ሞልቶ ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ ከአርባ አንድ። ዘካተል ፊጥር ደግሞ በቤተሰቡ ቁጥር ልክ፣ ከዒድ ሶላት በፊት ይወጣል። ለምን በፊት? ድሃው በዒድ ቀን ሊለምን እንዳይወጣ ነው። ሶላቱ ካለቀ በኋላ የመጣ እህል እህል ነው እንጂ ያ የታዘዘው ስጦታ አይደለም። ጊዜው ራሱ የስጦታው አካል ነው ማለት ነው።

ሁሉም ልክ አበጁ፤ ሁሉም ቀጠሮ ያዙ። ምክንያቱ ስሜት የማይታመን መሆኑ ይመስለኛል። ሲደሰት የሚሰጥህ ሰው ሲከፋው ይነፍግሃል። ሰባኪው ሲያስለቅሰው ኪሱን የሚያራግፍ ሰው፣ በማግስቱ ለጎረቤቱ ልጅ ደብተር መግዣ ሲጠየቅ «የለኝም» ሲል ሰምተን እናውቃለን። ልክና ቀን ያለው ስጦታ ግን ቢከፋህም ይወጣል፤ ሰው ባያይህም ይወጣል።

መጠኑ ማነሱ የሚያሳፍራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ላንሣ፤ በአጭሩ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ካናዳ ውስጥ፣ ቫንኩቨር ላይ፣ ተመራማሪዎች ለሰዎች ጠዋት ፖስታ አደሉ። በአንዳንዱ ፖስታ ውስጥ 5 ዶላር፣ በአንዳንዱ 20 ዶላር ነበረበት። ከፊሎቹ ለራሳችሁ አውሉት ተባሉ፤ ከፊሎቹ ለሌላ ሰው አውሉት ተባሉ። ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ሰው ያዋሉት ይበልጥ ደስ ብሏቸው ተገኙ። 5 ይሁን 20 ግን ለውጥ አላመጣም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልጭንበትም።

(አጭር የዋሽንት ድምፅ)

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጋሞ ስለ ማብላት የሚማረው ከሌላ አይደለም። ሃላቃ የሚሆን ሰው ሹመቱ የሚጸናለት ሕዝቡን ሲያበላ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ገብስ፣ ቅቤ፣ ሰንጋ በዚያ ድግስ ያልቃል። ዴና ፍሪማን የምትባል የአንትሮፖሎጂ ባለሙያ በዚሁ በጋሞ ደጋ በዶኮ ኖራ ይህን አጥንታ በ2002፣ በእነሱ አቆጣጠር፣ መጽሐፍ አሳትማለች። ያየችው ነገር እዚህ ላደገ ሰው አዲስ አይደለም፦ ሀብትን ይዞ መኖር ብቻውን አያስከብርም፤ ለደሬው፣ ለአገሬው ሕዝብ ሲያበሉት ነው ክብር የሚሆነው።

መስቀልንም ተመልከቱ። ዮ ማስቃላ ሲደርስ ሥጋ ያልቀመሰ ቤት እንዳይኖር ስንት ጥንቃቄ አለ! ወንዶቹ ለሰንጋው ዓመቱን ሙሉ ተሰባስበው ገንዘብ ይቆጥባሉ። እናቶች ቅቤውን በጥቂት በጥቂቱ ያጠራቅማሉ። ሸማኔው ከአዲስ አበባ ያለውን ቋጥሮ ይገባል። ይህ ሁሉ ያለ ሰባኪ፣ ያለ ቀስቃሽ ይሆናል። ስለዚህ «እኛ ቁጠባ አናውቅም፣ ድህነታችን አይፈቅድልንም» የሚለውን እኔ አልቀበልም። ለመስቀል ሰንጋ ዓመት ሙሉ የሚቆጥብ እጅ፣ ለአንድ ወላጅ አልባ ልጅ የትምህርት ቤት ወጪም ሊቆጥብ ይችላል። የቀረን ነገር ቀኑን ቆርጦ ስሙን መስጠት ብቻ ነው።

አሁን የማነሣው ነገር ግን ደስ አይልም። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሳልናገረው ብቀር ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። ያን ሁሉ ሰው የሚያበላው ባህላችን የማያበላቸው ሰዎች ነበሩት። ሸክላ የሚሠሩልን፣ ቆዳ የሚፍቁልን፣ ማረሻ የሚቀጠቅጡልን ወገኖች በብዙ የጋሞ አካባቢ ከሌላው ጋር አብረው አይበሉም ነበር። ሕዝቡ በሚመክርበት አደባባይ፣ በዱቡሻው ስብሰባ ገብተው እንደሌላው አይናገሩም፤ መሬት አያገኙም፤ ጋብቻው ተዘግቶባቸዋል፤ የሚጠጡበት ቅል ሳይቀር የተለየበት ቦታ አለ። ከእነሱ እጅ የወጣ ምጣድና ማሰሮ ሳይኖረን የምናበስለው ምግብ የለም። እንዲህ ሆኖ ሳለ በድግሱ ዳር ቆመው ድርሻቸውን ይጠባበቁ ነበር። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሕጉ ተለወጠ፤ መሬትም ተሰጣቸው። በየቤተ እምነቱም ከሌላው ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ የጀመሩበት ቦታ ብዙ ነው። ነገር ግን አብሮ መዘመር አንድ ነገር ነው፤ ከዝማሬው በኋላ ቤቴ ግቡ ብሎ በአንድ ገበታ መቅረብ ሌላ ነው። እንግዲህ የዕለት የእምነት ሥራ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ቡና ስታፈሉ የማትጠሯቸው ጎረቤቶች እነማን እንደሆኑ ቁጠሩ። ምንም ወጪ የለውም፤ ከሁሉም ግን ይከብዳል።

ስለ ዱቡሻ ካነሣሁ አይቀር መስከረም 2011ን ላስታውሳችሁ። ቡራዩና አካባቢው ላይ ብዙ የጋሞና የዶርዜ ተወላጆች የተገደሉበት፣ ሺዎች የተፈናቀሉበት ጊዜ ነበር። የአዲስ አበባ ነዋሪ ለተፈናቀሉት ወገኖች እንጀራውን ተሸክሞ፣ ልብሱን ጠቅልሎ በየመጠለያው ደረሰ፤ ይህን ውለታ አንረሳውም። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ደግሞ ወጣቱ በበቀል ተነሣ። ያን ጊዜ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። በከተማይቱ የሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆች ንብረትም ሕይወትም ተረፈ። አገር በሙሉ የተንበረከኩትን አባቶች ፎቶ አይቶ ተደነቀ።

ሁሉም ሰው ስለዚያች ቀን ያወራል። እኔ ግን ከዚያች ቀን በፊት ስለነበሩት ቀኖች አስባለሁ። ያ ሣር ኃይል ያገኘው በዚያ ጠዋት አይደለም። ወጣቶቹ ልጆች ሳሉ ድንበር ገፋህ ሲባባሉ፣ ከብት ማሳ ሲበላ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲመጣ አባቶቻቸው ቁጣቸውን ሲውጡ አይተዋል። ለሽማግሌ ሲል ካሣውን የተወ፣ ይቅርታ የሰጠ ሰው ሁሉ ለዚያች ቀን ሳያውቅ ሲያዋጣ ኖሯል። ምሕረትም እንደ ዱቄቱ በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚጠራቀመው ማለቴ ነው። በትንሹ ያልተለማመደ ሕዝብ በትልቁ ቀን ሣር ቢታየው ይረግጠዋል።

(ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ)

ከጎረቤታችን ከወላይታም አንድ ታሪክ ልጨምር። በ1920 የገቡት የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929፣ ከሶዶ ወጡ። በዚያን ጊዜ የተጠመቁት ምእመናን ከሃምሳ አይበልጡም ነበር። ጣሊያኖች መሪዎቹን አስረው ገረፏቸው። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚቀልበው ዘመድ እንጂ መንግሥት አልነበረም። ምእመናኑ ከየገጠሩ ስንቅ ይዘው ይመጡ ነበር፤ የሚመጣው ምግብም ከታሰሩት ክርስቲያኖች ተርፎ፣ ጠያቂ ለሌላቸው ሌሎች እስረኞች ይዳረስ እንደነበር ይነገራል። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ሺዎች ሆነው አገኟቸው። ከእነዚያም መካከል ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተራሮች በእግራቸው የወጡ ወንጌላውያን ነበሩ፤ ስንቃቸውን የቋጠሩላቸው የመንደራቸው ምእመናን ናቸው። ያ እስር ቤት ውስጥ የነበረ ረኃብተኛ ስብከት ሰምቶ ይሁን፣ ቆጮ በልቶ ይሁን ልቡ የተነካው፣ እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ ቆጮውን እጠረጥራለሁ።

ደግሞ ቅርብ ነው፣ ገና ቁስሉ አልደረቀም፤ ሐምሌ 2016፣ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ። ሐምሌ 14 ሌሊት ላይ መሬት ተንዶ ሰው ተቀበረ። በማግስቱ ጠዋት ጩኸት የሰማ ጎረቤት አካፋና ዶማ ይዞ፣ አካፋ የሌለው በእጁ ሊቆፍር ደረሰ። ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። እነዚህ ሰዎች ቆመው «ልሂድ ወይስ ልቅር» ብለው የተማከሩ አይመስለኝም። በእኛ አገር ጩኸት ሲሰማ ይኬዳል፤ እግር ከልጅነት የለመደው ነው።

ስለ እነሱ ከዚህ በላይ መናገር አልችልም፤ ስለ ቀረነው ግን አንድ ነገር እላለሁ። አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያው ሳምንት እርዳታው ይጎርፋል፤ መኪናው ይሰለፋል፣ ካሜራው ይመጣል። በሦስተኛው ወር ግን ሐዘንተኛው ብቻውን ነው። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ ንፍሮው ይቀርባል፤ ድንኳኑ ሲነሣ የሟች ሚስት ማሳው ላይ ብቻዋን ትቀራለች። እስቲ ቀጠሮውን ወደ ሦስተኛው ወር አሻግሩት። ደቦ ጠርታችሁ እርሻዋን እረሱላት። ላም ያላችሁ፣ አንዷን እንድታረባ ስጧት፤ ወተቱን ልጆቿ ይጠጣሉ፣ እበቱ ለእንሰቷ ይሆናል፣ ከሚወለደውም ትካፈላላችሁ። ይህ አባቶቻችን ያቆዩት መንገድ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የሚቀበለው ሰው አንገቱን እንዲደፋ አለማድረጉ ነው። እሷ ለማኝ አልሆነችም፤ ከብት አርቢ ሆነች።

በዚህ አጋጣሚ በየጉባኤው እየተለመደ ስለመጣው ነገር የራሴን ሐሳብ ልናገር። ማይክ ይያዝና «አቶ እገሌ ይህን ያህል ሺህ ብር!» ይባላል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ሰብሳቢዎቹ ለበጎ ብለው ነው፤ ሕንፃው ማለቅ አለበት፣ ይገባኛል። ነገር ግን በኋላው ወንበር ሃያ ብር በመዳፏ ጨብጣ የተቀመጠችውን እናት ማን አያት? እጇን ሳትዘረጋ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ኢየሱስ በመዝገቡ ፊት ተቀምጦ ያየው የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ነበር፤ እኛ ቀድመን የምናሳፍረው ግን እሷኑ ነው። ሳጥን ይዙር፤ ስም ይቅር።

ገረሴ ውስጥ ሆስፒታል አለ። ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ሰው ይዞ የመጣ አስታማሚ ግቢው ውስጥ ሲያድር፣ በሽተኛው ይታከማል፤ እሱ ግን የሚበላው የለውም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ረቡዕ፣ አንድ ማኅበር ወይም አንድ የወጣቶች ኅብረት ትኩስ ነገር ይዞ ቢገባ ማን ይከለክለዋል? አስቀድማችሁ የሆስፒታሉን ሰዎች አነጋግሩ፤ ለበሽተኛ የሚከለከል ምግብ አለና።

ገንዘብም እህልም የሌላችሁ ደግሞ ደም አላችሁ። አርባ ምንጭ የደም ባንክ አላት። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። የተለገሰ ደም እንደ ገብስ ጎተራ ገብቶ አይከርምም፤ ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ እንኳ ከአምስት ስድስት ሳምንት አያልፍም። ስለዚህ በበዓል አንድ ጊዜ ሁላችንም ተሰልፈን ብንሰጥና ዓመቱን ብንጠፋ አይጠቅምም፤ ተራ በተራ፣ በቀጠሮ ነው። ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት የምትደርስ እናት «ደም የሚሰጥ ዘመድ ፈልጉ» እስኪባል ድረስ ጊዜ የላትም።

ወደ ምስጋናው ልግባ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው። ምስጋና በአፋችን ሞልቷል፤ ጠዋት ተመስገን፣ ማታ ተመስገን። ይህ መልካም ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ምስጋና የሰው አፍ መዝጊያ ሲሆን አያለሁ። የተራበ ሰው ችግሩን ሲነግረን «ተመስገን በል፣ ከአንተ የባሰ አለ» እንለዋለን። እሱማ ተመስገን ብሎ ነው የመጣው! የሚያመሰግነው የጠገበው ነው፤ ለተራበው ምግብ ይሰጠዋል።

ከአሥሩ ለምጻሞች አንዱ ብቻ ለምስጋና እንደተመለሰ በወንጌል ተጽፏል፤ እሱም ባዕድ የሚባለው ሳምራዊ ነበር። ዘጠኙ ክፉዎች ነበሩ አልልም። ወደ ቤታቸው ቸኩለው ይሆናል፤ ሚስትና ልጅ ናፍቋቸው ይሆናል። እኛም እንዲሁ ነን፤ ቸኩለን ነው የማናመሰግነው። በማለዳ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የምትሮጠውን ልጃችንን «እናቴ፣ ተባረኪ» ያልናት መቼ ነው? አባቶች፣ ይህ እናንተን ነው። ለፈጣሪ የምናቀርበው ምስጋና እውነተኛ ከሆነ፣ እንደ እጁ የተጠቀመባቸውን ሰዎች ሳናይ ልናልፍ አንችልም።

የመጨረሻው ደግሞ የቀን ሠራተኛ ጉዳይ ነው። ድንች ሲያወጣልን፣ ገብስ ሲያጭድልን፣ አጥር ሲያጥርልን የዋለውን ሰው ደመወዝ «ነገ ና» ማለት ተለምዷል። ነገም ይመጣል፤ «ከነገ ወዲያ» ይባላል። በኦሪት ዘዳግም የሠራተኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ታዟል፤ በእስልምናም ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚል ትምህርት አለ። የሰውን ዋጋ በኪሱ ይዞ መባ የሚሰጥ ሰው፣ የሰጠው የራሱን አይደለም። የማንም የቀን ዋጋ እጃችሁ ላይ ያደረ ካለ፣ ይህ ዝግጅት እንዳለቀ ልጅ ላኩለት ወይም ራሳችሁ ሂዱ፤ ምጽዋት ብላችሁ አትስጡት፣ ዕዳዬ ነው በሉት።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታና ቢላዋን በእሳት አግሎ ስለመጠቀም ከግብርና ባለሙያ ጋር እንነጋገራለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)